በአባዬ ሾርባ ላይ የተነሰነሰው ሽፈራው

ባለፈው ሰሞን ምራቴ የታሸገ የሽፈራው ቅጠል ዱቄት ገዝታ መጣች። ፕሮቲኑንና አንቲኦክሲዳንቱን ከማሸጊያው ላይ እያነበበች «ለጉልበትዎ ነው፣ እማማ» ብላ ሾርባዬ ላይ ልትነሰንስ ስትል ሳህኑን ሸሸግኩት። ሰው ቅጠል ይፈራል? እኔ እፈራለሁ።

ጅቡቲ፣ ካርቲየ 4 የሚባለው ሰፈር ስንኖር ገና ተማሪ ነበርኩ። አባዬ ለልቡ ሕመም ደም ማቅጠኛ ክኒን ይውጣል። ካምሲን የሚሉት ነፋስ አቧራ ይዞ በሚነድበት በዚያ በጋ ምግብ አልወርድ ብሎት ከሳ። ከድሬዳዋ የመጣችው ታናሽ እህቱ፣ አክስቴ ፈትያ፣ ዋራበሌ ሰፈር ካለ የዘመድ ግቢ ሽፈራው እየቀነጠሰች፣ በጥላ አድርቃ እየደቆሰች የዓሣ ሾርባው ላይ ትነሰንስለት ጀመር። እውነትም ፊቱ ወዛ አለ። እሷም በጎረቤት ፊት መኩራራቷ አልቀረም።

አንድ ጠዋት ሱቁን ሊከፍት ሲል ቁልፉ ከእጁ ወደቀ። ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት፤ ሊጠራኝ ሲሞክር አፉ ወደ ጎን ተጣመመ። ጮኼ አክስቴን ጠራኋት። ታክሲ ውስጥ አክስቴ ቁርአን ትቀራለች፤ እኔ ስሜን እንዲጠራኝ እለምነዋለሁ።

ሆስፒታል ስንደርስ እጁ መንቀሳቀስ ጀመረ። ደሙ ግን መልሶ ወፍሮ ተገኘ። ሐኪሙ በፈረንሳይኛ ሌላ መድኃኒት ይወስድ እንደሆነ ጠየቀ፤ አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። አክስቴ «ምንም» አለች። እውነቷን ነው፤ ለእኛ ቅጠል ምግብ ነው። ስለሚበላው ሲጠይቅ ነው ሽፈራው የተነሳው። ቅጠሉ ውስጥ ደም የሚያረጋ ቫይታሚን እንዳለ፣ ሲበዛም የክኒኑን ሥራ እንደሚያፈርስ ነገረን። አክስቴ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች።

«ጠይቂልኝ፤ ወንድሜን ልገድለው ነበር?»

መጠየቁን ፈራሁ፤ ግን ጠየቅሁ። ሐኪሙ ቅጠሉ ጥፋት እንደሌለበት፣ በየቀኑ በአንድ ልክ ከበላ ክኒኑን ከዚያ ጋር እንደሚያስተካክልለት ገለጸልኝ። ሳይነግሩት መጀመርም ማቆምም የለም።

አክስቴ ግን ከዚያ ወዲያ የአባዬን ሳህን አልነካ አለች። አንድ ቀን ምሳ ላይ ሾርባውን ገፋ አደረገው።

«ፈትያ፣ ቅጠሌስ?»

«ሌላ ሰው ያድርግልህ።»

«ሐኪሙ በልክ ብሏል። ካንቺ እጅ ካልሆነ አልበላም።»

በማንኪያ ለክታ ነሰነሰችለት። ውጦ እስኪጨርስ ድረስ ሁለታችንም ጣቶቹን አየን። አባዬ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ፤ እሷ ግን እሱ በልቶ እስኪያናግራት ድረስ አንድም ቀን አልጎረሰችም።

ዛሬ ያን ክኒን የምውጠው እኔ ነኝ። ምራቴን አስቀምጬ ይህን ሁሉ ነገርኳት፤ ሐኪሜን ሳንጠይቅ እንዳንጀምር ተስማማን። ልጅቷ ዱቄቱን ከፊቴ ስታነሳ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ለጉልበቴ ብላ እንጂ ምን አጠፋች? ለአንድ አፍታ፣ ዝም ብዬ በበላሁላት ብዬ ተመኘሁ።