ከእብናት የጫንናቸው ውሾች

የተሰፋሪዎችን ውሻና ድመት መጫን የጀመርኩት እብናት ላይ ነው። የእርዳታ እህል አራግፌ ባዶዋን ኤንትሬ የጭነት መኪናዬን ወደ ደብረ ታቦር ላዞር ስል ነበር። ዘመኑ ደርግ ነው፤ ድርቁ የጠናበት ጊዜ። ገበሬው ለሰፈራ በአውቶቡስ ይጫናል። ካድሬዎቹ "በፈቃዱ ነው" ይሉናል፤ ፈቃዱን ግን ሚሊሺያ ከቦ ይጠብቅለታል። ውሻና ድመት ይዞ መሳፈር ክልክል ነበር።

አያ ሞላ የሚባሉ ሽማግሌ ነብሮ የተባለ ቡናማ ውሻቸውን በገመድ እየሳቡ መጡ።

"ወንድም ዓለም፣ እህቴ ብርቄ ገሳይ ትኖራለች። ለሷ አድርስልኝ።"

"አያ ሞላ፣ እኔ ሹፌር ነኝ። የውሻ እረኛ አደረጉኝ እንዴ?"

"ለኛስ ሚሊሺያ ተመድቦልናል። ይህ ፍጡር ግን ማን አለው?"

ገመዱን ተቀብዬ ጫንኩት።

ከዚያ በኋላ እንስሳቱን የምናመላልስ ሦስት ሹፌሮች ሆንን። በዚያ ዘመን በጎ ፈቃደኛ የሚባለው ስሙ ተጠርቶ የሚወጣ፣ ከቀረም የሚቀጣ ሰው ነበር። እኛን ማንም አልጠራንም፤ ለዚህ ይመስለኛል ሥራው በደንብ የሚሠራው። ድመቶቹን የደብረ ታቦር እህል ነጋዴዎች ለአይጥ ይሻሟቸዋል። ውሾቹን የገሳይ ገበሬዎች ይወስዳሉ።

ድመት የምትጫነው በጆንያ ነው፤ መንገዱን እንዳታይ አፉ ይታሰራል። ካየች ትመለሳለች። ውሻም ሸራ ይሸፈንበታል። ይህን የማያውቅ ሰው በአገሩ የለም፤ እኔም አውቃለሁ። ያን የመጀመሪያ ቀን ነብሮን ግን ከኋላ ገልጬ አቆምኩት። በየመንደሩ ሲጮህ ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ ደስ አለኝ። ካድሬ በጂፕ ሲያልፍ የሚሰማው ይኸው መሆን አለበት። ውሻው ግን መንገዱን ከእብናት እስከ ገሳይ እያየ ሄደ።

በሳምንቱ ማክሰኞ ውሻውን የተረከበችኝ ብርቄ ደብረ ታቦር ጋራዥ ድረስ መጣች። ላብ አጥምቋታል።

"ገመዱን በጥሶ ጠፋ" አለችኝ። "ከእብናት የመጡ ነጋዴዎች ወንድሜ ባዶ ቤት ደጃፍ ላይ ተኝቶ አይተውታል። ሐሙስ ባለቤት ለሌለው ውሻ ሁሉ የተመረዘ ሥጋ ሊጣል ነው አሉ። ወንድሜ አደራ ያለኝ እሱን ብቻ ነው።"

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። ነዳጁም ሙሉ ነው። እኔ ግን የመውጫ ወረቀት ልጠይቅ ወደ ስምሪት ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። ሰውየው መኪና ነድቶ አያውቅም፤ ስለ መኪና መናገር ግን ማንም አይቀድመውም።

"ለውሻ የመውጫ ወረቀት?" አለኝ። "ጓድ፣ ንቃተ ኅሊናህ ዝቅ ብሏል።"

"ደርሼ ወዲያው እመለሳለሁ።"

"ነገ በስብሰባ ይታያል።"

ረቡዕ ተሰበሰብን። ርዕሱ ነዳጅ ቁጠባ ነው፤ ስለ ቁጠባው የሚሰማውን ሰው ከየወረዳው በመኪና ሲያመላልሱ ዋሉ። ተናጋሪው ሳይጨርስ ፀሐይ ጠለቀች። የውሻው ነገር አልተነሳም። እጄን ማንሳት እችል ነበር፤ አላነሳሁም።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ወደ እብናት እህል እንዳደርስ ወረቀት ተፈረመልኝ። እዚያው ስትጠብቅ የሰነበተችውን ብርቄን ጋቢና አስገብቼ በረርኩ።

ነብሮ ደጃፉ ላይ ነበር። አፉ አረፋ ደፍቋል፤ ገላው ገና ይሞቃል። ብርቄ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አደረገች።

"ትናንት ብንመጣ ኖሮስ?" አለችኝ።

በካድሬዎቹ ወረቀትና ማኅተም ስስቅ የኖርኩ ሰው፣ ወረቀት ስጠብቅ ውሻውን አስገደልኩት። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

ከወራት በኋላ ከሰፈራው ደብዳቤ መጣ። አያ ሞላ ከሰላምታው ቀጥለው የጠየቁት ስለ ነብሮ ነው። ብርቄ መጻፍ ስለማትችል መልሱን የምጽፈው እኔ ሆንኩ።

"ደህና ነው በል" አለችኝ።

"ብርቄ..."

"በጎቹን ይጠብቃል በል። ወፍሯልም በል።"

ያለችውን ሁሉ ጻፍኩ።

ለወጣት ሹፌሮች የምለው ይህን ያህል ነው፦ ነፍስ ያለው ጭነት ሲጠብቃችሁ ቁልፉ እጃችሁ ላይ ካለ ሂዱ። ቅጣቱን ስትመለሱ ትቀበላላችሁ።