ጊታር ስመርጥ ገበያው ሁሉ ሰማኝ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ፣ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ነው። እኔ ልርሳው ብል እንኳ የከተማው ሰው አያስረሳኝም። እስከ ዛሬ ሽንኩርት ልገዛ ስወጣ የማላውቃቸው ሰዎች መንገድ ላይ ያስቆሙኝና "ሲስተር፣ ጊታሯ እንዴት ናት?" ይሉኛል።

አዋላጅ ነርስ ነኝ። ባለቤቴ ካረፈ ቆይቷል። ሁለቱ ልጆቼ አንዷ ባሕር ዳር፣ አንዱ አዲስ አበባ ሥራ ይዘዋል። ሃምሳ ዓመቴ ሲቃረብ ደወሉና "እማ፣ ትልቅ ኬክ እናዝዝልሻለን፣ ፎቶ እንነሳለን" አሉኝ። እሺ አልኋቸው። በሆዴ ግን የያዝሁት ሌላ ነበር። ኤሌክትሪክ ጊታር እፈልግ ነበር።

ከየት የመጣ አምሮት ነው ለሚለኝ ሰው፣ ከልጅነት ነው። ያደግሁት ቁይ ከተማ አጠገብ፣ ገጠር ነው። ጎረቤታችን ሬዲዮ ነበራቸው። ከዘፈኑ መሀል ዘፋኙ ዝም ሲል አንዲት ድምፅ ብቻዋን ትወጣና እንደ ሰው ታለቅስ ነበር። ምን እንደሆነች የሚነግረኝ አልነበረም። ኋላ ለነርስነት ስማር አንድ ሆቴል መድረክ ላይ አየኋትና "ለካ አንቺ ነሽ" አልሁ። ከዚያ ትዳር መጣ፣ ልጆች መጡ፣ የማዋለጃ ክፍል ተረኝነት መጣ። ጊታሯ ብቻ ሳትመጣ ቀረች።

ታዲያ በገበያው መንገድ ቴሌቪዥንና ዲሽ የሚሸጥ ጌትነት የሚባል ነጋዴ አለ። በዚያ ሰሞን ሦስት ኤሌክትሪክ ጊታር አምጥቶ ሱቁ ግድግዳ ላይ ሰቀለ። አንዷ ጥቁር፣ አንዷ ቡናማ፣ አንዷ ሰማያዊ። ከሥራ ስመለስ ሆን ብዬ ከባጃጅ ቀድሜ እየወረድሁ በሱቁ ፊት በእግሬ አልፍ ነበር። ገብቼ ልጠይቅ ግን አፍራለሁ። ሃምሳ ዓመት የሞላት አዋላጅ ጊታር ፍለጋ ገባች ከሚሉኝ፣ ሰርቃ ተያዘች ቢሉኝ የሚቀለኝ ይመስለኝ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ መሪጌታ ናቸው። ቁይ አካባቢ ዜማና ቅኔ ያስተምራሉ። በቤተሰባችን እሳቸው ያልተስማሙበት ሰርግም ሆነ የቤት ሽያጭ የለም። የዚያን ቅዳሜ ለዓይን ሕክምና ወደ እኔ መጡ። ሐኪሙ የዓይን ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ጨመረላቸውና "እስከ ማታ ድረስ ሁሉም ነገር ይደበዝዝብዎታል" አላቸው። እጃቸውን ይዤ ስንመለስ በገበያው መንገድ መጣን። እዚያ ስደርስ እግሬ እምቢ አለኝ።

"ጋሸ፣ እግረ መንገዳችንን አንድ ዕቃ ልይ" አልኋቸው።

"ምን ዕቃ?"

"የኤሌክትሪክ ዕቃ ነው።"

"ምድጃ ነው?"

"እንደዚያ ነገር ነው" ብዬ አስገባኋቸው።

ጌትነት ማይክ ይዞ "ኑ ግቡ፣ ቴሌቪዥን በዋስትና፣ ዲሽ ከነገጠማው" እያለ ያስተዋውቅ ነበር። ድምፁ የሚወጣው ጣሪያው ላይ በተሰቀለው ሞንታርቦ ነው። ሲያየን ማይኩን ባንኮኒው ላይ ጣል አደረገና ሁለት በርጩማ አቀረበልን። እኔ በጣቴ ወደ ግድግዳው አመለከትሁት። ገባውና ሦስቱንም ጊታሮች አውርዶ ባንኮኒው ላይ ደረደራቸው። "ከስፒከር ጋር የሚያገናኛትን ገመድ ከጎረቤት ሱቅ ላምጣ" ብሎ ወጣ። አቧራ እንዳይገባ የመስታወቱን በር ዘግቶብን ሄደ። እኔ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ነው የተቀመጥሁት። ወንድሜ ፊታቸው ወደ በሩ ነበር፣ ግን ዓይናቸው አያይም።

መሪጌታ እጃቸውን ዘርግተው ባንኮኒውን ዳበሱ። ጣታቸው ጊታሯ ላይ አረፈ።

"ይሄ ምድጃ ክር አለው" አሉ።

"ምድጃ አይደለም ጋሸ።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"ጊታር ነው።"

"የማን?"

"የእኔ ሊሆን ነው።"

ክሮቹን አንድ በአንድ ዳበሱ። ቀጥሎ "እቱ፣ አሁን ስንት ዓመትሽ ነው?" ብለው ጠየቁኝ።

"ለሰው የምነግረው አርባ አምስት ነው" አልሁ። "በእውነቱ ግን ሃምሳ ሊሞላኝ ነው። ለሃምሳ ዓመቴ ብዬ ነው የምገዛት።"

በዚህ መሀል ከውጭ ሁለት ሰዎች በሞንታርቦ ሲጨቃጨቁ ይሰማን ጀመር። በዚያ መንገድ ሱቁ ሁሉ የየራሱን ማስታወቂያ ስለሚያስጮህ ቃሉ አይለይም፤ ጭቅጭቅ መሆኑ ብቻ ያስታውቃል።

"ሰው ምን ነካው?" አሉ ወንድሜ። "በአደባባይ፣ በገበያ ቀን እንዲህ ይጨቃጨቃሉ?"

"ይተዉአቸው ጋሸ፣ ይሉኝታ የሌላቸው ናቸው" አልሁ።

ወደ ጉዳያችን ተመለስን። ወንድሜ ጊታር ኃጢአት ነው አላሉም። እሱን ቢሉኝ ይሻል ነበር። ያሉት "መብራት ሲጠፋ ዜማው የት ይሄዳል?" ነው።

"መብራት እስኪመጣ ይጠብቃል" አልኋቸው።

"እቱ፣ የተከበርሽ ሴት ነሽ። ነጭ ጋወን ለብሰሽ ስታልፊ ሰው ከመቀመጫው ይነሳልሻል። እንግዲህ በዚህ ዕድሜሽ የሰው መሳቂያ ልትሆኚ ነው?"

በዚህ ጊዜ ደሜ ፈላ። ወንድሜን ቀና ብዬ ተናግሬያቸው አላውቅም። የዚያን ቀን ግን አፌ አልታዘዝ አለኝ።

"ጋሸ፣ ማን ነው የሚስቅብኝ?" አልሁ። "የዚህን ከተማ ግማሽ በእነዚህ እጆቼ ተቀብያለሁ። የጎረምሳውን ሁሉ እትብት ያሰርሁት እኔ ነኝ። እናቶቻቸው ምጥ ላይ ሆነው የሰደቡኝን ስድብ አንድ ቀን ባወጣው፣ ይሄ ገበያ በሩን ዘግቶ ይውል ነበር። ስድቡን ችዬ፣ ሁሉን በሆዴ ይዤ ኖርሁ። አንዲት ጊታር ብፈልግ ምን አለበት?"

ያኔ አላስተዋልሁም እንጂ ውጭው ጸጥ ብሎ ነበር።

አፌ ከተከፈተ አይቀር ጨመርሁ። "ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። ከዘይት ቆርቆሮ የሠራኋትን ክራር ያስታውሳሉ? በብስክሌት ፍሬን ሽቦ የወጠርኋትን? ያን ጊዜ ያ የተረገመ ጥጃ ባይረግጣት ኖሮ እስከ ዛሬ አልቆይም ነበር።"

 ወንድሜ የዝንብ ጭራቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ጥጃው አይደለም" አሉ።

"ምኑ?"

"ክራርሽን የረገጣት ጥጃው አይደለም።"

"ታዲያ ማን ነው?"

"እኔ ነኝ። አልረገጥኋትም፤ ተቀመጥሁባት።"

 እሳቸው አንዴ ከጀመሩ ወዲያ እንደ ንስሐ ሁሉንም አወጡት። ለካ እኔ ውኃ ልቀዳ በወረድሁ ቁጥር፣ ያኔ ገና የዜማ ተማሪ የነበሩት ወንድሜ፣ ከጎተራው ጀርባ ተደብቀው ክራሬን ይደረድሩ ኖሯል። አንድ ቀን የአባታችንን ሳል ሰሙ። የሚደብቁበት ቢያጡ ቁጭ አሉባት። አባታችን መጥተው "ምን ትሠራለህ?" ቢሏቸው "ጸሎት ላይ ነኝ" አሉ። አባታችን ደስ ብሏቸው አጠገባቸው ተቀመጡና ስለ እርሻው ረጅም ወሬ ጀመሩ። ወንድሜ ቆርቆሮው እየወጋቸው ንቅንቅ ሳይሉ ሰሙ።

"ከዚያማ ጥጃው ላይ አላከክሁት" አሉ። "በጅራፍ ተመታ። እስከ ዛሬ ጥጃ ባየሁ ቁጥር እፍረት ይሰማኛል።"

ያኔ ነው ውጭው በሳቅ የፈረሰው።

ዞር ብል የመስታወቱ በር በሰው ፊት ተሞልቷል። ባለ በርበሬዎቹ፣ የባጃጅ ሹፌሮቹ፣ ጫማ ጠራጊዎቹ፣ አህያውን የያዘ ባላገር ጭምር። ጌትነት ገመዱን በትከሻው አንጠልጥሎ መሀላቸው ቆሟል፤ እንባውን ይጠርጋል። አንዲት በርበሬ የሚሸጡ አሮጊት በሩን ከፈት አደረጉና "መሪጌታ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ድምፅዎ መናኸሪያ ድረስ ይሰማል" አሉ።

ባንኮኒው ላይ ያለውን ማይክ አየሁት። በላዩ ላይ ቀይ መብራት በርቷል። ያ በአደባባይ የሚጨቃጨቅ ይሉኝታ ቢስ ማን እንደነበረ ያኔ ገባኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ ነበር። ወንድሜ ግን ምን እንደሆነ አልገባቸውም። "ማን ነው የሚስቀው?" ይላሉ። ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ ነገርኋቸው። ፊታቸው እንደዚያ ሲለዋወጥ አይቼ አላውቅም። የሚቆጡ መሰለኝ። ቀስ ብለው ተነሡ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ወደማያዩት ሕዝብ ዞሩ።

"እንግዲህ ከሰማችሁ አይቀር ዳኙን" አሉ።

"ክርክር የለውም መሪጌታ" አሉ አሮጊቷ። "የሰበሩትን ይተኩላት።"

አንድ የባጃጅ ሹፌር ከኋላ አንገቱን አስግጎ "ሲስተር፣ እናቴ ምን ብላ ነበር የሰደበችሽ?" አለኝ። ጌትነት ገብቶ ማይኩን አጠፋው። የሚያሳዝነው፣ ያን ጊዜ ማጥፋቱ ምንም አልጠቀመም።

ወንድሜ ተቀመጡና "ፍርዱን ተቀብያለሁ፤ የምመርጥልሽ ግን እኔ ነኝ" አሉ። ለጌትነትም "በል ልጄ፣ አንድ በአንድ አሰማኝ" አሉት። ጌትነት ጊታር መጫወት አይችልም። ገመዱን ሰክቶ የእያንዳንዷን ክር ከላይ እስከ ታች በየተራ ነካካላቸው። ወንድሜ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ሕዝቡም ዝም ብሎ ሰማ። ጥቁሯን "ይቺ ትቆጣለች" አሏት። ሰማያዊዋን "ይቺ ድምጿ ይሰነጠቃል" አሏት። ቡናማዋ ላይ ሲደርሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይቺን ውሰጂ። ይቺ ዜማ ታውቃለች።"

ቡናማዋን ዞር ብዬ አይቻት አላውቅም ነበር። እኔ በዚያ መንገድ ያን ሁሉ ጊዜ በእግሬ የሄድሁት ለሰማያዊዋ ነው።

"እሺ ጋሸ" አልሁ።

ቃሉ ከአፌ የወጣው ሳላስበው ነው። እጄን ወደ ቡናማዋ ዘርግቼ ልነካት ስል ቆምሁ። የማገባውን ሰው ሲመርጡልኝ እሺ ብያለሁ። ትምህርቴን ሲመርጡልኝ እሺ ብያለሁ። ሁለቱም ደግ ሆኑልኝ፤ አልጸጸትም። ይህችን ግን ሌላ ሰው መርጦልኝ ቤቴ ባስገባት፣ ባየኋት ቁጥር የምታናድደኝ መሰለኝ።

"አይ ጋሸ" አልሁ። "የምፈልገው ሰማያዊዋን ነው።"

"ድምጿ ይሰነጠቃል እያልሁሽ?"

"ይሰንጠቅ።"

ወንድሜ ፊታቸውን ወደ እኔ አቅጣጫ አዞሩ። እንደማያዩኝ አውቃለሁ፤ ግን ለረጅም ጊዜ አዩኝ። በኋላ "ሰማያዊ ናት?" አሉ።

"ሰማያዊ ናት።"

"እንግዲያው ይሁንልሽ" ብለው ጊታሯን በእጃቸው ዳብሰው መረቋት።

ድምጿ የተሰነጠቀው ገመዱ በደንብ ስላልተሰካ እንደነበረ ጌትነት ሲያሽግልኝ አየን። ለወንድሜ ግን አልነገርኋቸውም፤ እስካሁን እኔ ጥፋቷን ችዬ የምኖር ይመስላቸዋል።

በልደቴ ቀን ልጆቼ መጡ፣ ኬኩም መጣ፣ ወንድሜም ከቁይ መጡ። የተማርሁት አንዲት አጭር ዜማ ብቻ ነበር። እሷንም ሁለት ጊዜ ሳትሁ። ወንድሜ ዓይናቸው ተሽሏቸው ስለነበር ጣቴን እያዩ "አሁን ወደ ላይ፣ አሁን መልሺው" እያሉ አስጨረሱኝ። ልጄ ቪዲዮ ቀርጾኛል፤ ለማንም እንዳያሳይ አስምዬዋለሁ።

ዕድሜዬን ከዚያ ወዲያ መደበቅ አልቻልሁም። ገና ሰላምታ ሳንለዋወጥ "እንኳን ለሃምሳ ዓመት አበቃሽ" የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ለወራት ያህል ድሮ ያዋለድኋቸው ሴቶች ተደብቀው እየመጡ "ሲስተር፣ እኔም ሰድቤሽ ነበር እንዴ?" ይሉኝ ነበር። ሁሉንም "አንቺ የለሽበትም" አልኋቸው። ከመሀላቸው ሦስቱን ብቻ ነው የዋሸኋቸው።

መጀመሪያ ላይ በጣም አፍሬ ነበር፤ በሌላ መንገድ ዞሬ ነበር ሥራ የምሄደው። አሁን አላፍርም። ጊታር ስጫወት አሁንም ደካማ ነኝ፣ ግን ከሥራ ገብቼ ጫማዬን አውልቄ እሷን ስይዝ የቀኑ ድካም ይወርድልኛል።

በቅርቡ ከአምበር የመጣች አንዲት ወላድ ነበረችኝ። ሦስተኛ ልጇን ወልዳ ተኝታ ሳለ፣ ወሬ ስናወራ "ሲስተር፣ እኔ እኮ አንድ ነገር ያምረኛል" አለችኝ። ምን እንደሆነ ጠየቅኋት። ባጃጅ መንዳት ነው። "ለማን ነገርሽ?" አልኋት። "ለአንቺ ብቻ" አለች። ባሏ ከመጋረጃው ወዲያ ልጁን ታቅፎ ተቀምጦ ነበር። መጋረጃውን ገለጥሁና "እስኪ አሁን የነገርሽኝን ጮክ ብለሽ ድገሚው" አልኋት።