«ይደግ» ብዬ የመረቅሁት

ላብ ቴክኒሻኑ ጋሽ ወልዴ የምርመራውን ሳህን ከማሞቂያው ሳጥን፣ ከኢንኩቤተሩ፣ አውጥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዙት። «አደገ» አሉ። «ከሾላው ሥር ያለው ምንጭ ነው።»

የምንጠጣው ከዚያ ነው። የያዝኩትን ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት።

ሥራ የጀመርኩት ዩኒቨርሲቲው ቦንጋ ላይ በተከፈተ ሰሞን ነው። ትምህርቴ እስከ ሦስተኛ ክፍል ስለሆነ ዕቃ አጣቢ አድርገው ቀጠሩኝ። የመጀመሪያ ቀን ጋሽ ወልዴ አውቶክሌቩን አሳዩኝ፤ እንፋሎት አፍኖ የሚቀቅል ትልቅ ድስት በሉት። «እዚህ ሳይቀቀል አንድም ሳህን እንዳትነኪ» አሉኝ። ተቀቅሎ ሲወጣ ጓንት አጥልቄ፣ ጀርም የሚያበቅሉበትን የረጋ ምግብ ጠርጌ፣ በሳሙና አጥባለሁ።

ጀርም ሳህኑ ላይ ሲወጣ «አደገ» ነው የሚሉት። እኔ ምን አውቄ። ማርታ የምትባል ተማሪ ለመመረቂያ ጥናቷ የየሰፈሩን ምንጭ ታስመረምር ነበር። አንድ ቀን «አደገ?» ብላ ስትጠይቅ፣ ጋሽ ወልዴም «አደገ» ሲሉ፣ የሰው ልጅ መስሎኝ «እሰይ፣ ይደግ፤ ለወግ ለማዕረግ ይብቃ» አልኩ። ማርታ በሳቅ ፈረሰች። ከዚያ ወዲህ ሳህን በወጣ ቁጥር «እትዬ አየለች፣ ይመርቁልን እንጂ» ትለኛለች። እኔም እመርቃለሁ።

የሾላው ምንጭ ሳህን በወጣበት ቀንም «ይመርቁልን» አለች። 

«ያደገው ምንድን ነው?» አልኳት።

«ከሰገራ የሚመጣ ጀርም ነው፣ እትዬ። ተቅማጥ ያመጣል፤ ሕፃን ላይ ይከፋል።»

ባለፈው ክረምት ትንሹን ልጄን በረከትን ተቅማጥ ቀጥፎብኛል። ድዱ አብጦ ነበርና ሰፈሩ ሁሉ «ጥርስ ነው፣ ይተወዋል» አለኝ። ውሃ ውሃ ባለ ቁጥር ከዚያው ምንጭ አጠጣሁት። ያን ቀን ደግሞ እህቱ ምሕረት ከዋዜማው ጀምሮ ሆዷን አሟት ቤት ተኝታ ነበር።

ጋውኔን ሳላወልቅ ወጣሁ። ቁልቁለቱን በዚያ ጭቃ እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። ስገባ ጎረቤቴ እትዬ አበበች ለልጄ ውሃ በጣሳ ይዘውላታል። ነጠቅኋቸው።

«ምነው ልጄ፣ ኩልል ያለ ውሃ!»

«በረከትን የገደለው እዚያ ውስጥ ነው፣ እትዬ።»

ጣሳውን አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። 

ምሕረትን አዝዬ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ዓይኗ ጎድጉዷል። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በጥብጠው በማንኪያ ስጪ አሉኝ፤ ሰጠሁ። ስታስታውክ ጠብቄ እንደገና ሰጠሁ። ወደ ማታ «እማዬ፣ ሽንቴ መጣ» አለች። ነርሷ «ሰውነቷ ውሃ ያዘ፤ ስንጠብቅ የነበረው ይኼንን ነው» ስትለኝ ያን ጊዜ አለቀስኩ።

ጋሽ ወልዴና ማርታ ውጤቱን ለቀበሌ አስረዱ። በአንድ ለአምስት ስብሰባችን ውሃ ቀቅሉ ብል «አየለች ዩኒቨርሲቲ ገብታ ውሃ መቀቀል ተማረች» ብለው ሳቁብኝ። እትዬ አበበች ብቻ አልሳቁም። ቆይቶ ከምንጩ በላይ የነበረው ሽንት ቤት ተዘጋ፤ ምንጩም ዙሪያው በሲሚንቶ ተገንብቶ ጎለበተና የውሃ ማከሚያ መድኃኒት ተደረገበት።

ማርታ ውሃውን ዳግም አመጣች። ሳህኑ ሲወጣ ከጎናቸው ቆሜ ነበር።

«አላደገም» አሉ ጋሽ ወልዴ።

ማርታ ዞር ብላ አየችኝ። «ይመርቁልን» አላለችኝም።

ውሃ ኩልል ስላለ ብቻ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ሕፃን ተቅማጥ ሲይዘው ጥርስ ነው ብላችሁ አትቀመጡ። በረከቴ አላደገም። ምሕረት ግን ድናለች፤ አሁን ደኅና ነን።