ላባቸውን የጣሉ ዶሮዎች

ታናሽ እህቴን ሰፈሩ ሁሉ «አስረጂዋ» ይላታል። እሷ አልወለደችም፤ ወንድማችን ሲሞትብን ግን ልጁን እንደ አብራኳ ክፋይ አሳደገችው። ልጁ ጎርምሶ፣ ሰው ሆኖ፣ የዶሮ እርባታ ሲከፍት፣ «አክስቴ፣ እንቁላል የሚገዛኝ ሰው ዶሮዎቹ እንዴት እንደሚኖሩ ማወቅ ይፈልጋል። አንቺ አስረጂልኝ፤ አፍሽ ይጥማል» አላት። ቅዳሜ ቅዳሜ ገዢዎችን እየተቀበለች የፊት ለፊቱን ግቢ ታስጎበኝ ጀመር።

ሄጄ አይቻታለሁ። ዶሮዎቹ ሣሩ ላይ ይጭራሉ፤ እሷ ከጭዱ ውስጥ ትኩስ እንቁላል አንስታ በሰው መዳፍ ላይ ታኖራለች። «ዶሮ በአፈር ነው ገላዋን የምትታጠበው፤ አፈር ከከለከልናት ቅማል ይፈጃታል» ስትል አንዲት ተጫዋች ገዢ፣ «ታዲያ ከባሌ ይሻላሉ፤ እሱ በውኃም እምቢ ብሏል!» ብላ ሁሉንም አሳቀች። ጉብኝቱ ሲያበቃ ሰው በር ላይ በካርቶን ከተደረደረው እንቁላል ገዝቶ ይሄዳል።

ያ ሁሉ እንቁላል ከዚያች ግቢ ብቻ እንደማይወጣ እህቴም ታውቃለች። ከአጥሩ ኋላ ሌላ ትልቅ የዶሮ ቤት አለ። «እዚያም እንዲሁ ሣር ላይ ናቸው» ብሏታል ልጁ። ገብታ ግን አታውቅም፤ በሽታ እንዳይተላለፍ የፊተኞቹን የነካ ሰው ወደ ኋለኞቹ አይሄድም የሚል ደንብ አለ። ደንቡን ራሷ ለእንግዶቹ ታስረዳ ነበር፣ በልጇ ጥንቃቄ እየኮራች።

አንድ ቅዳሜ የግቢው ዶሮዎች ላባቸው ረግፎ ተመልጠው ተገኙ። «ላባ የምትቀይር ዶሮ እንቁላል መጣል ታቆማለች፤ ወቅቱ ነው። ዛሬ ጭዱ ባዶ ነው» አለች።

ያቺ ተጫዋች ገዢ በር ላይ የተቆለለውን ካርቶን ገልመጥ አድርጋ፣ «የኋለኞቹስ? ወቅቱ አልነገራቸውም?» አለች።

እህቴም አብራ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ፊቷ ላይ ቀረ፤ እነዚያም ደጅ ሣር ላይ ከሆኑ ወቅቱ እንዴት አላገኛቸውም? እንግዶቹን ሸኘች፣ ልብሷን ቀየረች፣ እጅ እግሯን በሳሙና ታጠበች፣ ያኔም እንኳ በሽታ እንዳታስገባ ተጠንቅቃ፤ የኋላውንም በር ከፈተች።

መስኮት የለም፤ ወቅቱን የሚነግራቸው ፀሐይም የለም። አምፖሉ ቦግ ብሎ በርቷል። የሽቦ ሳጥን በሽቦ ሳጥን ላይ እስከ ጣሪያው ድረስ ተደራርቧል። አንዷ ዶሮ ክንፏን ልትዘረጋ ሞከረች፤ ሽቦው መለሳት።

ልጁ ተከትሏት ገባ።

«ሣሩ የታለ?»

«አክስቴ፣ በሣር ይሄን ሁሉ ሰው ማዳረስ አይቻልም።»

«እሱን አልጠየቅኩህም። እኔን ለምን ዋሸኸኝ?»

«እውነቱን ብነግርሽ እንደዚያ አምሮብሽ ታወሪ ነበር?»

ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። ደጋግማ እጇን ትጠርግ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ሄደች። ገዢዎቹን ሰብስባ ያየችውን አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። እኔም አብሬ ቆሜ ነበር። ልጁን የሚቆጡ መስሎኝ ነበር።

«አንቺ አይደለሽም እንዴ ስትምይልን የኖርሽው?» አለች ያቺው ተጫዋች፤ አሁን ጨዋታ የለም። «ልጆቼን ያበላሁት አንቺን አምኜ ነው!»

«አላውቅም ነበር፣ እህቴ።»

«ቤታችሁ ውስጥ? ተይ እንጂ!»

ልጁ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ይሰማል። «እውነቷን ነው፣ አታውቅም ነበር» ቢል ይበቃ ነበር። ጎንበስ ብሎ ካርቶን ማስተካከል ያዘ።

እህቴ አፍ አፉን ታየዋለች። ሰዎቹ እያጉረመረሙ፣ ባዶ እጃቸውን፣ ተራ በተራ ወጡ። እሷ ገና እንዲናገር ትጠብቀው ነበር።