ግሊሰሪን የገባበት መብራት

አንዳንድ ሰው ሲያዝን ይተኛል። ኛኩዋኒ ግን ስታዝን ሥራ ትጀምራለች። በጋምቤላ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ታስተምራለች። ታላቅ እህቷ ኛላም ደግሞ ወደ አቦቦ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ጤና ጣቢያ አዋላጅ ናት። የጤና ጣቢያዋ ባትሪ በሙቀት አብጦ ከሞተ ወዲህ፣ ሲመሽ ኛላም ሞባይሏን በጥርሷ ነክሳ በዚያ ብርሃን ታዋልዳለች። ኛኩዋኒ ይህን ስትሰማ አለቀሰች፤ ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ተነሳች።

የሠራችው ሱፐርካፓሲተር የሚሉትን ነው። በጨው ውሃ የራሰ የከሰል ዱቄት ቀን ከሶላር ኤሌክትሪክ ይቀበልና ማታ ለትንሽ አምፖል ይመልሳል። እንደ ባትሪው አያብጥም። በሳጥን ከታ ለእህቷ ወሰደችላት። ብዙም ሳይቆይ መብራቱ ጠፋ።

ልታየው ብትሄድ ክዳኑ ተከፍቷል። የጤና ጣቢያዋ ዘበኛ ዱዎፕ ኮራ ብሎ፣ "ቲቸር፣ ውስጡ ደርቆ ነበር። ከወንዝ ውሃ አምጥቼ ሞላሁለት" አላት።

እዚህ አገር የደረቀ ነገር ሁሉ ውሃ ይሰጠዋል። የወንዙ ደለል ግን ከሰሉን አበላሽቶታል። ልትቆጣ ፈልጋ ተወችው። የጨው ውሃውን ያደረቀው ሙቀቱ እንጂ ዱዎፕ አይደለም።

ጠዋት ጠዋት ቆዳዋ እንዳይደርቅ እጇን ግሊሰሪን ትቀባለች። አንድ ቀን ብልቃጡን እንደያዘች ቆማ ቀረች። በዚያው ቀን ግሊሰሪኑን ለአዲስ ከሰል ካዘጋጀችው የጨው ውሃ ጋር ቀላቀለችው።

የኬሚስትሪው መምህር አሸብር ሳቀባት። "ለመብራትም ቅባት? የኤሌክትሪኩን ፍሰት ያዘገየዋል እኮ።"

አልተሳሳተም። ግሊሰሪኑ ሲበዛ አምፖሉ የሲጋራ ጫፍ ያህል ብቻ በራ። ቀነሰች፣ ጨመረች፣ እንደገና ቀነሰች። ሳጥኑን በመጋቢት ፀሐይ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እያወጣች ስታወርድ፣ ያው አሸብር መሰላል ይይዝላት ጀመር። በመጨረሻ ብርሃኑ ከፊተኛው ደብዘዝ ያለ፣ ውስጡ ግን የማይደርቅ ሆነ።

ዝናቡ መንገዱን ሳይዘጋ አደረሰችው። "እንዳትከፍተው" አለችው ዱዎፕን።

"ሲደርቅስ?"

"አይደርቅም።" ክዳኑን ግን ደግማ አጠበቀችው።

ክረምቱ ከገባ በኋላ አንድ ማለዳ ኛላም ደወለች። "መብራትሽ ደካማ ነው።"

ኛኩዋኒ ክው አለች። "ጠፋ?"

"አልጠፋም። ሌሊት አንዲት ልጅ እስክትወለድ ድረስ ጠበቀን። ስልኬን ያነሳሁት ገና አሁን ነው፣ ላንቺ ልደውል ብዬ።"