ቃጭል የሰፋሁለት አባቴ

እርጥብ ሣር ሲቃጠል ያለውን ሽታ ታውቀዋለህ? ደረቁ ቦግ ብሎ ያልቃል፤ እርጥቡ ግን ዓይን እያስለቀሰ ይጨሳል እንጂ አይነድም። ትናንት ጎረቤቴ ግቢውን አጽድቶ ያጨደውን ሣር ሲያቃጥል ጭሱ በመስኮት ገባ፤ እኔም የምልጠውን ሽንኩርት በእጄ እንደያዝኩ ሮጬ ወጣሁ። ልጆቼ ሳቁብኝ። ይሳቁ፣ እነሱ ምን ያውቃሉ። ያኔ ጂንካ ሳለን ያ ጭስ በሸተተኝ ቁጥር መጀመሪያ የማየው የቤታችንን ክዳን፣ ቀጥሎ አባቴን ነበር።

አባቴ የአውሮፕላን ሜዳ ጠባቂ ነበር። ሜዳ ስልህ አስፋልት እንዳይመስልህ። ከተማው መሐል የተዘረጋ ሣር ነው፤ ከብት ይግጥበታል፣ ገበያተኛ ያቋርጠዋል፣ ተማሪ ኳስ ይጫወትበታል። አውሮፕላን ሲመጣ አባቴ ፊሽካውን እየነፋ፣ ረጅም ዱላውን እያወዛወዘ ሁሉንም ያስወጣና ሜዳው ጫፍ ላይ እርጥብ ሣር ያጨሳል። አብራሪው ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ የሚያውቀው በዚያ ጭስ ነበር። ክረምት የወይጦ ወንዝ ሞልቶ መንገዱ ሲዘጋ መድኃኒቱም፣ ሹሙም፣ ፖስታውም የሚገባው በዚያ ሜዳ ነው። አባቴ ከደጋ በወታደርነት መጥቶ እዚያው የቀረ ተራ ሰው ቢሆንም፣ ጂንካን የምከፍተውና የምዘጋው እኔ ነኝ እያለ ይኩራራ ነበር። እናቴ በሕይወት ሳለች ቁልፉን እስቲ አሳየን እያለች ታበሽቀው ነበር። ዛሬ አውሮፕላኑ የሚያርፈው ሌላ ቦታ ነው አሉ።

መርሳቱ የጀመረው እናቴ ከሞተች በኋላ ነው። መጀመሪያ የሰው ስም፣ ከዚያ የቤተ ክርስቲያኑን መንገድ፣ ከዚያ የበላውንና ያልበላውን ረሳ። ሰው እርጅና ነው አለ፤ እሱ ግን ገና ጥርሱ ያልወለቀ፣ ወገቡ ያልጎበጠ ሰው ነበር። ጡረታ አወጡትና ፊሽካውን ለሌላ ሰጡት። ጡረታ መውጣቱንም ረሳው። ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ተወስዷል፤ ቤት የቀረነው እሱና እኔ ብቻ ነበርን። እኔም ከአሥራ አንደኛ ክፍል ትምህርቴን አቋርጬ ተቀመጥኩ። ጎረቤቶች አባቷን የጦረች ትባረካለች ይሉኝ ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ በረከቱን ለሌላ ሰጥቼ አንድ ሌሊት እንቅልፍ ጠግቤ ባድር ይሻለኝ ነበር።

ከሁሉ ያስጨነቀኝ እሳቱ ነው። አውሮፕላን የመጣ በመሰለው ቁጥር ከጓሮ እርጥብ ሣር አጭዶ ግድግዳችን ጥግ ላይ ያያይዘዋል። ቤታችን ደግሞ የሣር ክዳን ነው። ክብሪት ስደብቅ ከጎረቤት ምድጃ ፍም በገል ይዞ መጣ። እሱን ስከለክለው ወደ ሜዳው ይወጣና የሰው ከብት ይደበድባል። በመጨረሻ የቀበሌው ሊቀመንበር ራሱ መጣ። ከአዲስ አበባ ትልልቅ ባለሥልጣናት በአውሮፕላን እንደሚመጡ፣ በዚያን ቀን አባቴ ሜዳው ላይ ከታየ እንደሚያስረው ነገረኝ። ታሟል እኮ ብለው፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም ብሎኝ ሄደ። እንዲህ ያለ ሰው ቀበሌ እስር ክፍል ውስጥ ቢያድር እንደማይተርፍልኝ አውቅ ነበር፤ የማውቀው ያንን ብቻ ነበር።

ጎረቤታችን የአሪ ሴት ነበረች፤ ጴንጤ ናት፣ ጠዋት ማታ የአባቴን ስም እየጠራች ትጸልይለታለች። ጭንቀቴን እያየች ስታስብ ከረመችና አንድ ቀን የፍየል ቃጭል ይዛልኝ መጣች።

«እኛ ፍየል እንዳይጠፋ ይሄን እናስራለን» አለችኝ። «አባትሽ ፍየል አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን አንቺም እረኛ ሆነሻል እኮ።»

ተናደድኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ፣ ከዚያ ቃጭሉን ተቀበልኳት። በካኪ ኮቱ ጀርባ፣ እጁ በማይደርስበት ቦታ ሰፋሁት። ለጥቂት ቀን እፎይ አልኩ። ጓሮ ልብስ ሳጥብ እሰማዋለሁ፤ ድምፁ ከራቀ እሮጣለሁ፣ ከቀረበ አጥባለሁ። ከአንዲት የሰፈራችን ጠላ ጠማቂ ጋር ቆሜ እስከ መሳቅ ደርሼ ነበር።

የዘነጋሁት ነገር ቢኖር አባቴም ጆሮ እንዳለው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ቃጭል ሲሰማ ትርጉሙ አንድ ነበር፦ ሜዳው ላይ ከብት ገብቷል።

ባለሥልጣናቱ በሚመጡበት ቀን በሩን ቆልፌ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ረፋዱ ላይ የአውሮፕላኑ ድምፅ ከሩቅ ተሰማ። አባቴ ብድግ አለ፤ ቃጭሉ ጮኸ። ቆም ሲል ቃጭሉም ቆመ። አንድ እርምጃ ሲራመድ እንደገና ጮኸ።

«ከብት ገብቷል» አለኝ፣ በዚያ በድሮ የሥራ ድምፁ።

የገዛ ኮትህ ነው ብለው ማን ሰምቶኝ። በመስኮት ዘሎ ወጣ። እኔም ተከትዬው። ሜዳው መሐል ስደርስበት ወዲህ ሲዞር ከብቱ ከኋላው ነው፣ ወዲያ ሲዞር ከኋላው ነው፤ በሮጠ ቁጥር መንጋው ይበዛበታል። በባዶ ሣር ላይ ዱላውን ያወዛውዛል፣ ለአቀባበል የተሰለፈው ሕዝብ ባንዲራውን ይዞ ያየዋል። የሳቀም ነበር። ጀርባው ላይ ተንጠልጥዬ ቃጭሉን በእጄ ጨመቅኩት። አውሮፕላኑ ሊያርፍ ዝቅ ብሎ መጥቶ ከራሳችን በላይ አገሳና ተመልሶ ወደ ላይ ወጣ። ዞሮ ያረፈው አብዮት ጠባቂዎቹ ሁለታችንንም ጎትተው ካወጡን በኋላ ነው።

ሊቀመንበሩ አሻጥር ነው አለ። ቃጭሉን ከኮቱ ቦጭቆ ለማን ምልክት እየሰጠሽበት ነው ብሎ ጠየቀኝ። ሳቅም ልቅሶም አንድ ላይ መጣብኝ። እኔን ለቀቁኝ፤ እሱን ግን አስቀሩት። ስንቅ ሳመላልስ በር ላይ ይቀበሉኛል እንጂ አያሳዩኝም። ጎረቤቴ የቤተ ክርስቲያናቸውን ሽማግሌዎች ይዛ ሄደች፤ ከብታቸውን የደበደበባቸው ሰዎች ሳይቀሩ አብረው ለመኑለት። እንደዚያ ነው የተፈታልኝ።

የተመለሰው ግን ሌላ ሰው ነበር። አይሮጥም፣ ሣር አያጭድም። አውሮፕላን ከክዳናችን በላይ ሲያልፍ ቀና እንኳ አላለም። ስንት ጊዜ ተስዬ የለመንኩት ይህንኑ ነበር፤ ሲሰጠኝ ጓሮ ገብቼ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ጮህኩ። ቤታችንን እንደ ሰው ቤት ያየው ጀመር። ወንበር ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ በአጠገቡ ሳልፍ ሊነሣልኝ ይሞክራል።

አንድ ቀን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ኮቱን ቆልፎ ተነሣ።

«እመቤቴ፣ አስቸገርኩዎት» አለኝ። «ልሂድ። ልጄ ብቻዋን ናት።»

ልጅህ እኔ ነኝ ልለው አፌን ከፈትኩ። ግን ብዙ ጊዜ ብዬዋለሁ፤ ባልኩት ቁጥር ይፈራኛል። ኑ ቤትዎ ላድርስዎት አልኩትና እጁን ይዤው ወጣሁ። ሜዳውን ዳር ዳሩን ዞርን፤ ዝናብ አባርቶ ስለነበር እግራችን በሣሩ ራሰ። በመንገድ ላይ ስለ ልጁ አጫወተኝ። ጎበዝ ናት፣ ነርስ ትሆናለች፣ ቁጣ ብቻ ታበዛለች። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ይህን ያህል አድጋም ጨለማ ትፈራለች አለኝ። ይህንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። እሱ እንደሚያውቅም አላውቅም ነበር።

ዞረን ዞረን የራሳችን ደጃፍ ደረስን። ፊቱ በራ። ይኸው ደረስኩ አለና እጄን በሁለት እጁ ያዘኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ። ይግቡ እንዳልልዎት መሽቷል፤ ቤተሰብዎ ይጠብቅዎታል።»

ገባና በሩን ከውስጥ ቀረቀረው። እኔ ደጅ ቀረሁ። ወዲያው ከውስጥ በስሜ ይጠራኝ ጀመር፤ ከእስሩ ከተመለሰ ወዲህ ከአፉ ያልወጣውን ስሜን።

«አለሽ?» አለ።

ግንባሬን በሩ ላይ አስደግፌ «አለሁ፣ አባዬ» አልኩት።

«በይ አትፍሪ፣ መጥቻለሁ።»

እስኪተኛ ድረስ እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ቀን በኋላ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም።