ከሸክላው ዘገዩ የተባሉት ጋሽ ሽፈራው

የጌጃ ሰፈሩ ጊታሪስትና ድምፃዊ ጋሽ ሽፈራው ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። በማግስቱ በልደታ ማርያም ሸኝተናቸዋል። ይህን የምጽፈው ሸክላ ማጫወቻ የምጠግነው ተካ ነኝ። ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልደርስ ፊደልንም ኤሌክትሪክንም ራሴን ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ስለ እርሳቸውም ከእኔ የተሻለ የሚጽፍ አላውቅም።

ሱቄን የከፈትኩ ሰሞን ጎረቤቱ «ያልተማረ ሰው ዕቃችንን ያበላሻል» ብሎ ሸሸኝ። ጋሽ ሽፈራው ግን የገዛ ማጫወቻቸውን ታቅፈው መጡ። ቺንጋው፣ ሞተሩን ከሚዞረው ሳህን ጋር የሚያያይዘው ጎማ፣ ተበጥሶ ነበር። ገበያ ላይ አይገኝም። እኔ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ ቆርጬ ሠራሁት። ይህን ዘዴ ማንም አላሳየኝም። እርሳቸው የራሳቸውን ዘፈን እስከ መጨረሻው አዳመጡና የሚዞረውን ሳህን አየት አድርገው «እጅህ ይባረክ» አሉኝ። ከዚያ በየቤቱ እየዞሩ «ማጫወቻ የተበላሸበት ተካ ጋ ይውሰድ» ሲሉ ከረሙ። በዓመቱ ከሜክሲኮ እስከ ልደታ የእኔ ቺንጋ ያልገባበት ማጫወቻ አልነበረም ብል አላጋነንኩም።

በሰፈሩ ሠርግ ጊታራቸውን ይዘው ሲነሡ ሰው ይቀልድባቸው ነበር። «ጋሽ ሽፈራው፣ ከሸክላው ዘገዩ እኮ፤ ደከሙ እንዴ?» እኔም አንድ ጊዜ «እርስዎ አርጅተዋል፣ ሸክላዎ ግን አላረጀም» ብዬ ድንኳኑን ሙሉ አስቄባቸዋለሁ። ፈገግ ይሉና ፍጥነቱን ይጨምራሉ። ላባቸው እስኪንጠባጠብ ይጫወታሉ።

የሮክ ባንዳቸው የተመሠረተበት አርባኛ ዓመት ሲደርስ፣ አንድ የውጭ አገር ኩባንያ ነጠላ ዜማዎቻቸውን እንደገና በሸክላ ሊያሳትም ተነሣ። አስቀድሞ የሙከራ ሸክላ ላከ፤ እርሳቸው «ይሁን» ካሉ ይታተማል። የኩባንያው ሰው ሸክላውንም የራሱን ማጫወቻም ይዞ መጥቶ ሦስታችን እኔ ሱቅ ተገናኘን። በራሱ ማጫወቻ አስጀመረው፤ ገና የዘፈኑ መግቢያ ላይ እጄን አነሣሁ።

«አቁመው። ይሄ ዘግይቷል። እኔ ይህን ዘፈን ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አፍጥናችሁ አምጡት።»

ሰውየው ደንግጦ ማስታወሻ መያዝ ጀመረ። ጋሽ ሽፈራው እጁን ያዝ አደረጉትና ወደ እኔ ዞሩ።

«ተካ፣ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ቁራጭ ወረቀት ለጥፍና በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር ቁጠር። የአንተንም፣ የእሱንም።»

የእንግዳው አርባ አምስት ዞረ፤ ልኩም አርባ አምስት ነው። የእኔ አርባ ስምንት። ደግሜ ቆጠርኩ። አርባ ስምንት። ጎማዬ ከልኩ ወፍሮ ሳህኑን ያፈጥነው ነበርና ሰፈሩን ሁሉ ሳስሮጥ ኖሬያለሁ።

«ያውቁ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?»

«ያን ቀን ብነግርህ ሱቅህን ዘግተህ ትሄድ ነበር። ሰፈሩ እንደሆነ በአካል ያውቀኛል። ውጭ አገር ያሉት ግን የሚያውቁኝ በዚህ ሸክላ ብቻ ነው፤ ለነሱ እንኳ በልኬ ልድረስ።» ከዚያ ለእንግዳው «እንዳለ ይታተም» አሉት።

በየሠርጉ ያን ያህል የሚሮጡት የእኔን ማሽን ለመድረስ እንደነበር ያኔ ገባኝ። ለአንድ ሰው እንኳ «ችግሩ የተካ ቺንጋ ነው» ቢሉ ኖሮ ሥራዬ አብቅቶለት ነበር። አላሉም፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም ለማንም አልተናገሩም። እኔም አፍሬ ዝም አልኩ። ዛሬ ግን የሳቅንባቸው ሁሉ እንዲያውቁት እጽፈዋለሁ፦ ጋሽ ሽፈራው አንድም ቀን አልዘገዩም። ማጫወቻ ያላችሁ አምጡልኝ፣ አስተካክለዋለሁ። የእኔን ስሕተት ማረም የሚችል ከእኔ ሌላ በልደታ የለም።

ጋሽ ሽፈራው፣ ከቀብርዎ መልስ ያን የመጀመሪያውን ማጫወቻዎን ከቤትዎ አመጣሁት። ጎማውን ቀጠን አድርጌ ቆረጥኩ፣ ወረቀቱን ለጠፍኩ፣ ቆጠርኩ። አርባ አምስት ዞረ። ሸክላዎን አስቀመጥኩበት። ድምፅዎ ወፍራም ነው ለካ፤ ቃሉም አንድ በአንድ ይሰማል። እንግዲህ በእርጋታዎ ይሂዱ። ከአሁን በኋላ የሚያስቸኩልዎ የለም።